በወጨጫ ደን ውስጥ ወደ ፏፏቴው ከልጆች ጋራ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ

በከተማ የሚኖር ሰው ሳምንቱን በወረቀትና በቀጠሮ ተይዞ ከሰነበተ በኋላ የዕረፍቱ ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ዕረፍቱን በምን እንደሚያሳልፍ ተቸግሮ መታየቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። አባት በአንድ ወገን ያንቀላፋል፤ እናት የቤቱ ጣጣ አያስተነፍሳትም፤ ልጆችም እያንዳንዳቸው በየማዕዘኑ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእጅ ስልክ ላይ ሳያነሡ ቀኑ ይመሻል። ከእነዚህ ልጆች አንዱን ውሃ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ከቧንቧ የሚል መልስ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም። ልጁ ያየውን ተናገረ እንጂ አልዋሸምና። ያላየውን ነገር ደግሞ ሊያሳየው የሚገባ ወላጁ ነው።

ይህንን ለማሳየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ የጅማውን መንገድ ይዞ እስከ ሰበታ ከተደረሰ በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፎ በጥርጊያ መንገድ የሚወጣ ሰው፥ ወይም በአምቦው መንገድ በኩል የሚመጣ፥ ወጨጫ ከሚባለው ተራራ ሥር ይደርሳል። ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ፥ አሁን ግን የጠፋ ተራራ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን የሚባለው ጥንታዊ ደን ተዘርግቷል። ከዋናው በር፥ ማለት 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ስፍራ፥ ተነሥተው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚሄዱ የእግር መንገዶች አሉ፤ አጭሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል፥ ረጅሙም ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ጫፉ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ጉልበት ላላቸው ጎልማሶች ነው። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው ግን ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በእግሩ፥ ከዚያ ያነሰውም በአባቱ ትከሻ ሊሄድበት የሚችል ነው።

የደኑ ታሪክ ከጉዞው በፊት በመኪና ውስጥ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ልጆች ታሪኩን ሰምተው ሲገቡና ሳይሰሙ ሲገቡ የሚያዩት አንድ አይደለምና። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንደ ቆየው፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ወጨጫ ተራቁቶ ባዩ ጊዜ በሸዋ ምሥራቃዊ ገደል፥ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አዘሩበት። የኸው ንጉሥ ከተማቸውን በደብረ ብርሃን ማድረጋቸውን፥ በሃይማኖት ሥርዓትም ስለ ጻፉት ስለ መጽሐፈ ብርሃን ብዙ ሊቃውንት ሲነጋገሩ ይኖራሉ፤ ስለ ዛፋቸው ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለ ሰፊ ደን እያንዳንዱ ዛፍ በሰው እጅ ተተከለ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ዘሩ ተዘርቶ ሲበቅል ወፎች ፍሬውን በልተው አራቁትም፥ ዝናቡም ወሰደው፥ መሬቱም ራሱ የነበረውን ሥርና ዘር አወጣ። ንጉሡ ያደረጉት ትልቁ ነገር ከዘሩ ይልቅ ክልከላው ይመስላል፤ ተዘርቶ ከብት የሚገባበት፥ መጥረቢያም የሚነሣበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናየው ጥላ ባልኖረም ነበርና።

ደኑ ብዙ ነገሥታትን አሳልፎ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደርሷል። ያ ዘመን ግን ለዛፍ እጅግ ክፉ ዘመን ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ሠራዊቱና ነጋዴው፥ መኳንንቱና ሠራተኛው በአንድ ስፍራ በመሰብሰቡ፥ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት በየቀኑ እየራቀ ሄደ። እንጦጦ ተመለጠ። እንጨቱ በጠፋ ጊዜ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብና ሕንጻ እስከ ማሠራት ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን በስፍራዋ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ ዓመታት ገብቶ ቶሎ ቶሎ በማደጉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማይቱን ከበባት። በዚህ ሁሉ መካከል፥ ከዋናው ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻ ርቆ የሚገኘው የወጨጫ ጥድ ጨርሶ አለመጥፋቱ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። የቤተ መንግሥት ደን መባሉ፥ ሹምና ዘበኛም ስለ ነበረው ነው የተረፈው።

ከበሩ አልፎ የሚገባ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የተከለውን ደን ነው፤ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በሰልፍ እንደ ቆመ ወታደር ተደርድሮ ይታያል። እዚህ ላይ ልጆቹን ቆም አድርጎ፥ ምን ትሰማላችሁ? ከእግራችሁ በታችስ ምን በቅሏል? ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ከደረቀ ቅጠል በስተቀር የሚያዩት ጥቂት ነው፤ የወፍም ድምፅ አይበዛም። ከጥቂት መንገድ በኋላ ወደ ጥንታዊው ደን ሲገቡ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፥ ብርሃኑ ይለሰልሳል፥ መሬቱም እንደ ምንጣፍ ይረገጣል። እዚያም የኸው ጥያቄ ሲደገም ልጆቹ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። አንዱ የተተከለው ለግንድና ለማገዶ ነው፤ ሁለተኛው ግን እርስ በርሱ የሚኖር አንድ አገር ነው። የተተከለውን መናቅ አይገባም፤ እርሱ ባይኖር መጥረቢያው ሁሉ በጥንታዊው ላይ በዞረ ነበርና።

ጥዱ ቀጥ ብሎ ዐርባ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ግንዱን ሦስትና አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያቅፉት አለ። ከእነዚህም መካከል ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል የሚባል ይገኛል። ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር ዛፉን የሚበላ በሽታ ሳይሆን ከአየሩ እርጥበት የሚኖር ፍጥረት ነው፤ መብዛቱም የአየሩን ንጽሕና ያመለክታል። የአብያተ ክርስቲያናቱን ምሰሶና ማገር፥ በርና መስኮት የሰጠው ይኸው ጥድ ስለ ሆነ፥ ካህናት የሆኑ መንገደኞች ሽታውን ገና ከሩቅ ያውቁታል። ምስጥ አይደፍረውም። ከጥዱ ቀጥሎ ዝግባ፥ ወይራና ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። የጥቁር እንጨት ልጥ ለሽማግሎች የሽንት ሕመም መድኃኒት በመሆኑ በዓለም ገበያ እጅግ ተፈልጎ፥ በብዙ የአፍሪካ አገር ዛፉ ቁሞ እየተላጠ ስላለቀ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ተደርጎበታል።

ከፍ ሲባል ኮሶ ይመጣል። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ነው፤ የሴቲቱ አበባ ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ለመድኃኒትም የሚፈለገው ይህኛው ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወዱት አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ልማዳቸው ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰውም ያን ቀን ከሥራው ይቀር ነበር። ለዛሬው መሥሪያ ቤት የማይመች ፈቃድ ነው። ልጆች ይህንን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሁን እንጂ የሣቁበትን ዛፍ አይረሱትም። ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ወደሚበቅልበት ወደ ብርዱ አገር ይደረሳል፤ ለፏፏቴው የሚሄድ ቤተ ሰብ ግን እስከዚያ መውጣት አያስፈልገውም።

ስለ አራዊቱ አስቀድሞ ለልጆች ሊነገራቸው የሚገባው፥ ደን እንደ አንበሳ ግቢ አለመሆኑን ነው። የሚጮህ ልጅ ምንም አያይም፤ ዝም ያለ ያያል። ከሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚታየው ጉሬዛ ነው። ጥቁር ሆኖ ከትከሻው እስከ ጎኑ ነጭ ካባ የደረበ፥ ጅራቱም ነጭ ጭራ የሚመስል፥ ቅጠል እየበላ ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚውል ነው። አውራ ጣት የለውም፤ በአራቱ ጣት ብቻ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ ይዞ ይዘላል። ግልገሉ ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው፤ በኋላ ነው የሚጠቁረው። ነጭ ግልገል ታቅፋ የተቀመጠች ጉሬዛ ለማየት የታደለ ልጅ ለብዙ ጊዜ ይናገረዋል። በማለዳና በምሽት በጥሻው ዳር የሚወጣው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፥ ወንዱ ወደ ጥቁረት ያዘነበለ ነው። ነብርም በደኑ አለ፤ ነገር ግን ሰው ሲመጣ የሚሸሽ እንጂ በቀን ቤተ ሰብን የሚያጠቃ ስላልሆነ በእርሱ ሰበብ ልጆችን ማስፈራራት አይገባም።

ከወፎቹም አንዱን ማንሣት ያሻል። አካሉ አረንጓዴ፥ ጉንጩ ነጭ ሆኖ፥ በቅጠሉ ውስጥ ሲቀመጥ የማይለይ፥ ክንፉን ዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ግን እንደ እሳት ቀይ ሆኖ የሚታይ ወፍ አለ። የብዙ ወፎች ቀለም ከልዩ ልዩ ምክንያት የሚመጣ ሲሆን የዚህ ወፍ ቅላት ግን መዳብ የተቀላቀለበት እውነተኛ ቀለም ነው፤ ይህም በወፎች ዘንድ እጅግ ጥቂት ነው። የጥድንም ፍሬ የሚበሉት፥ ዘሩንም ከእናቱ ጥላ አርቀው የሚጥሉት ወፎች ናቸው። ጥድ በራሱ ጥላ ሥር በቀላሉ የሚበቅል ዛፍ አይደለምና፥ ወፍ የሌለበት የጥድ ደን ያለ ልጅ የሚያረጅ ቤተ ሰብ ነው።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ልጆች ድካማቸውን ረስተው መሮጥ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ስለ ሆነ፥ ወላጅም እጃቸውን መያዝ የሚገባው እዚሁ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዓባይ ብቻ አይደለም። ይህ ፏፏቴ ትንሽ ነው። ጢስ ዓባይን አይቶ የመጣ ሰው ይህም ፏፏቴ ይባላልን? ብሎ ይንቀው ይሆናል። ነገር ግን ለትንሽ ልጅ ትንሽ ፏፏቴ ይስማማዋል፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ የሚወርደውን ውሃ ቀርቦ ሊያየው፥ ጭስ የሚመስለውን ጠብታ በፊቱ ሊቀበለው ይችላልና። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ክረምቱ የሞላው ውሃ ብርቱ ሆኖ ይወርዳል፤ በበጋ ይቀጥናል።

ታዲያ ልጅ ሊጠይቀው የሚገባው፥ ባይጠይቅም ሊጠየቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ ወራት ካለፉ ይህ ውሃ አሁን ከየት ይመጣል? መልሱ ከእግሩ በታች አለ። ወላጁ ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ አፈር ቅጠሉን ገልጦ አንሥቶ በልጁ እጅ ላይ ቢያደርግለት፥ እርጥብና ስፖንጅ የመሰለ፥ ሥርና ትል የሞላበት መሆኑን በጣቱ ያውቃል። በሐምሌ የሚወርደው ብርቱ ዝናብ በመጀመሪያ በጥዱ ራስ ላይ ተሰብሮ ኃይሉን ያጣል፤ ከዚያ በወደቀው ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ሥሮቹ በከፈቱለት ቀዳዳ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይገባል። በተራቆተ ተራራ ላይ የወረደው ዝናብ ግን የዚያኑ ዕለት አፈሩን ይዞ ይሮጣል፤ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ደረቅ ወንዝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ዛፍም ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ ደን ውሃን ከምንም አይፈጥርም። ሥራው በሦስት ወር የመጣውን ዝናብ ለዐሥራ ሁለት ወር መመገብ ነው፤ እንደ መልካም ግምጃ ቤት ሹም።

የወጨጫ ጅረቶች ወርደው ከአዋሽ ይገናኛሉ። አዋሽም በ1952 ዓ.ም. በተሠራው በቆቃ ግድብ አልፎ መብራት ያበራል፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የወንጂን ሸንኮራ፥ ከዚያም ወዲያ የመተሐራን ያጠጣል፤ የአፋርን ከብቶች አጠጥቶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ስለዚህ ልጁ በፏፏቴው ሥር እጁን ያጠበበት ውሃ ምናልባት በሌላ ጊዜ በሻዩ ውስጥ በሚገባው ስኳር ላይ ድርሻ ይኖረዋል። ይህን ያህል ከተነገረው ይበቃዋል፤ ከዚህ በኋላ ዳቦውን ይብላ።

በመንገድ ላይ ከሚያጋጥሙት ነገሮች አንዱ ግን ለወላጁም ቢሆን መልሱ ቀላል አይደለም። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ሴቶች፥ አንዳንዱ ጊዜም ከመንገደኛው ልጅ በዕድሜ የማይበልጡ ልጃገረዶች፥ ከሰውነታቸው ክብደት የሚተካከል የማገዶ ሸክም አዝለው አጎንብሰው ሲወርዱ ይታያሉ። የከተማው ልጅ፥ አባባ፥ እነዚህ ደኑን እየጨረሱት አይደለም ወይ? ብሎ ይጠይቃል። አባት ቸኩሎ አዎን ብሎ ቢመልስ ፍርዱ ያደላ ይሆናል። በዚያው ከተማ በአባት ቤት የሚበላው እንጀራ በምን እንደ ተጋገረ፥ የቤቱስ ጣሪያና ቁም ሣጥን ከየት ደን እንደ ተቆረጠ አልተጠየቀምና። ሴቲቱ የምትሸከመው ብዙ ጊዜ የወደቀ ጭራሮ ነው፤ ቁሞ ያለውን ትልቁን ጥድ በሌሊት የሚጥለው መጋዝና የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው፤ ያም ሰው በመንገድ ላይ አይታይም።

ይህ ጉዳይ በተለይ በሥልጣን ላይ ያሉትን ይመለከታል። ጥበቃ በዘበኛ ብቻ እንደማይሆን በዚህችው አገር ተፈትኖ ታይቷል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጭሊሞ፥ በቦንጋ፥ ቆይቶም በአዳባ ዶዶላ ደኖች፥ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ማኅበር አቁሞ፥ ከመንግሥት ጋራ ውል ተዋውሎ፥ ደኑን እየጠበቀ ከደኑ እንዲጠቀም ተደርጓል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረ ሰብን የደን ባለቤትነት በሕግ አውቋል። ሕጉ እንግዲህ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በየክረምቱ ችግኝ የሚተክለው ሕዝብ ብዛቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መትከል የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ችግኙን ከፍየል መጠበቅ ግን የበጋ ሥራ ነው፤ በበጋ ደግሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አይመጣም። ወደ ወጨጫ የሚወጣ ሹም በክረምት በእጁ የተከለውን ችግኝ በጥር ሄዶ አይቶት እንደሆነ መንገዱ ላይ ለራሱ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ካህናቱም በዚህ ነገር ባዕድ አይደሉም። በጎንደርና በጎጃም ሜዳው ሁሉ ሲታረስ ደን የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነው፤ ከአውሮፕላን ለሚያይ ሰው በቢጫ እርሻ መካከል እንደ አረንጓዴ ማኅተም የታተሙ ይመስላሉ። የሱባን ጥድ ንጉሥ ከጠበቀው፥ እነዚያን የጠበቃቸው ቄሰ ገበዙና ምእመናኑ ናቸው።

አሁን ስለ ጉዞው ዝግጅት ጥቂት ማለት ይገባል። ለመሄድ ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ብልህነት ነው፤ ጥርጊያው መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሚሆን ዝቅተኛ መኪና ይይዛል። ከአዲስ አበባ በማለዳ መነሣት ይሻላል። በበሩ ላይ የመግቢያውን ከፍሎ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዞ መግባት ለቤተ ሰቡም ለሰውየውም ይጠቅማል፤ እርሱ ጉሬዛው የሚውልበትን ዛፍ ያውቃል። ልጆች የሚለብሱት ረጅም ሱሪና የማያንሸራትት ጫማ ነው፤ ሳማ በመንገዱ ዳር አለና እግራቸው የተራቆተ እንደሆነ ጉዞው በለቅሶ ያልቃል። ሹራብ መያዝ አይረሳም፤ ከፍታው ብርድ አለው። ለስንቅ ቆሎ፥ ዳቦና ብርቱካን ይበቃል፤ የጾም ቀን ቢሆንም አይቸግርም። የፏፏቴው ውሃ ጥሩ ቢመስልም ከላይ ከብት ሊጠጣበት ስለሚችል ከቤት የተያዘውን ውሃ መጠጣት ነው። እሳት መለኮስ ክልክል ነው። ላስቲክና ቆርቆሮ በመጣበት ከረጢት ይመለስ፤ ለጦጣም ዳቦ አይጣል፤ ዳቦ የለመደ ጦጣ ከሚቀጥለው መንገደኛ ነጥቆ ይወስዳልና።

ከቀትር በኋላ ጉም ከተራራው ራስ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መመለስ መጀመር ያስፈልጋል። ወደ ታች ሲወርዱ የደከሙት ልጆች ዝም ስለሚሉ፥ ሲወጡ ያልታዩት ድኩላዎች ብዙ ጊዜ የሚታዩት በዚህ ሰዓት ነው።